አራት ላይ ብቻ የምትነፍሰው

የጉለሌ ሰው መኪናው ሂተር እንዳላት የሚያስታውሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ሲወርድና የፊት መስታወቱ ከውስጥ ሲታፈን። ሌላው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ውርጭ ያደረባትን መኪና በጠዋት አስነስቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲጣደፍ። በቀሩት ወራት ከራዲዮኑ ግርጌ ያለችው፣ ከዜሮ እስከ አራት የተጻፈባት መዞሪያ ሥራ ፈት ናት። አንዳንዱ መቁጠሪያ ያንጠለጥልባታል፤ አንዳንዱ ጭራሽ መኖሯንም ረስቷል።

ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ነገር በተፈለገችበት ጠዋት ብታኮርፍ አይገርምም። የሚገርመው አኩራረፏ ነው። አንድ ላይ ሲያደርጓት ዝም። ሁለት ላይ ዝም። ሦስት ላይም ዝም። አራት ላይ ስትደርስ ግን የከረመ አቧራዋን ፊት ላይ የሚበትን ንፋስ ትለቃለች። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሸጎሌ ይህ አመል ያለባት አሮጌ ቶዮታ አትጠፋም። ባለቤቶቹም ከአመሏ ጋር ታርቀው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል።

አኗኗራቸው ይህን ይመስላል። ሹፌሩ አራት ላይ ያደርጋታል፤ መስታወቱ ጠራ ሲል ጩኸቷ ስለሚሰለቸው ያጠፋታል፤ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ትንሽ ከፍ እንዳለ መስታወቱ እንደገና ይታፈናል፤ እንደገና አራት። ስልክ ሲደወልለት «ቆይ ሂተሯን ላጥፋ፣ አልሰማህም» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ባለቤቱ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ «ኧረ ቀንሰው!» ትለዋለች።

«አይቀነስም።»

«እንዴት አይቀነስም?»

«እንዲህ ናት በቃ። ወይ አራት ወይ ምንም።»

«ታዲያ ባለቤቷን ነዋ የመሰለችው!»

በእኛ አገር ሂተር የምቾት ዕቃ ነው የሚል ሰው ሞልቷል። እንደዚያ ብሎ የሚያስብ ሰው ሐምሌ አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣ ሚኒባስ ይሳፈር። የተሳፋሪው ጃኬት ርሷል፣ ጃንጥላው ያንጠባጥባል፣ ሁሉም ይተነፍሳል። መስኮቶቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ተከርችመዋል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው ከብርዱ ይልቅ የሚፈራው ንፋሱን ነው። አንድ ወጣት ደፈር ብሎ ጣት የምታሾልክ ያህል ቢከፍት፣ ከኋላ ወንበር «ዝጋው የኔ ልጅ፣ ንፋስ ይመታኛል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ይዘጋል። ከእናት ጋር ማን ይከራከራል? ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ከመስታወቱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ ጠርጎ መንገዱን በእሷ ያያል። ጨርቋ ራሷ እርጥብ ናት፤ የምትጠርገውን ያህል መልሳ ትቀባለች። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል ሹፌሩ የሚቆመው በግምት ነው።

ነገሩ ግን አስማት የለበትም። ከትንፋሽና ከረጠበ ልብስ የወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውኃ ይሆናል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ መስታወቱን ማሞቅና የታፈነውን አየር ከውጭ በሚገባ አየር መተካት። ሁለቱንም የሚሠራው ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ቬንትሌተር ነው። ክረምት ላይ ሹፌር የሚያየው በእሱ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ቪትዝ እንምጣ። ባለቤቷ የተከበሩ መምህር ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን። አራት ላይ ብቻ መንፈስ የጀመረችበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ላይ ኮፈኗን ከፈቱ። ኮፈን ተከፍቶ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ ጉለሌ ውስጥ ገና አልተወለደም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣል፤ ዝቅ ብሎ ያያል፤ ከንፈሩን ይመጣል፤ ከዚያ ሳይጠየቅ በሽታውን ይናገራል።

መጀመሪያ የደረሱት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። «ባትሪ ነው» አሉ። «ኃይል ካነሳት ምን ታድርግ?» ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በላይ ኃይል የሚፈልገው አራተኛው ፍጥነት ቀድሞ ይጠፋ ነበር፤ ይህን ያነሳ አልነበረም። ባለ ሱቁ ቀጠለ፤ «ፊውዝ ነው፣ እኔ መኪና ላይ ደርሷል።» ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ ቢሆን አራቱም በአንድነት ዝም ይሉ ነበር። ስልኩን ከእጁ የማያወርደው ጎረምሳ ደግሞ «ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ መነበብ አለባት» አለ። በእጅ የምትዞር መዞሪያና ጥቂት ሽቦ ናት ያለችው፤ ምኗ ይነበባል? አንዱ «ያው የቻይና ዕቃ» ብሎ ፈረደ፤ መኪናዋ ጃፓን ሠራሽ መሆኗ ፍርዱን አላስለወጠውም። የመጨረሻው ሰው የሰጠው ምክር አጭር ነው፦ «ሽጣት።»

ጉባኤው ቡና እስኪፈላ ድረስ ቀጠለ። ሁሉም አንገቱን ያስገባው ኮፈኑ ሥር ነበር። ተፈላጊው ዕቃ ግን ከጋቢናው ተሳፋሪ ጉልበት ፊት ካለችው መሳቢያ ጀርባ ተሸጉጦ ነበር። «የትኛው ቁጥር ላይ ነው የምትሠራው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። «የስንት ሞዴል ናት?» እና «ስንት ገዟት?» ያለው ግን ብዙ ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህች መኪና ግን ከዜሮ እስከ አራት ቆጥራ በሽታዋን ተናግራለች። የሚሰማት ነው ያጣችው።

የምትናገረው እንዲህ ነው። ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የባትሪው 12 ቮልት ሳይቀነስ ሲደርሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ይዞራል፤ አራተኛው ፍጥነት ይህ ነው። ቀስ እንዲል ከተፈለገ ከሚደርሰው ቮልት ላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው ሬዚስተር ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ሬዚስታንስ ይሉታል። በአንድ ወገን የሶኬት ጥርሶች፣ በሌላው ወገን የተጠማዘዙ ሽቦዎች ያሉት፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። መዞሪያዋ አንድ ላይ ስትሆን ኤሌክትሪኩ ሽቦዎቹን ሁሉ አቋርጦ ያልፋል። ሁለት ላይ አንዱን ይዘላል። ሦስት ላይ የሚያቋርጠው አንዱን ብቻ ነው። አራት ላይ ሁሉንም ትቶ በቀጥታ ሞተሩ ጋ ይደርሳል።

ሽቦዎቹ የቀነሱት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ሬዚስተሩ ቬንትሌተሩ በሚነፍስበት ቦይ ውስጥ የሚቀመጠው፤ የሚያቀዘቅዘው እዚያው የሚያልፈው ንፋስ ነው። ከልክ በላይ ከጋለ እሳት እንዳይነሳ በብዙዎቹ ላይ አንዲት የሙቀት ፊውዝ ተበይዳለች። እሷ ስትቆረጥ አንድ፣ ሁለትና ሦስት አብረው ይሞታሉ፤ አራት በሬዚስተሩ በኩል ስለማያልፍ ይተርፋል።

እንግዲህ መዞሪያዋን ከአንድ እስከ አራት እያዞሩ ማዳመጥ የምርመራው ግማሽ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አራት ብቻ ከሠራ ሬዚስተሩንና ሶኬቱን ማየት ነው። አንድ ብቻ ሞቶ ሌሎቹ ከሠሩ ከሽቦዎቹ አንዱ ተበጥሷል። ሦስቱ ሠርተው አራት ብቻ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ መዞሪያዋ ወይም ወደ ሪሌው ይሄዳል። አራቱም ሲጠፉ ነው ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሞተርና የቦዲ መስመር የሚፈተሸው። ሞተሩን ነካ ነካ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው። ሙቀቱን ራሳቸው የሚያስተካክሉት መኪኖች ሬዚስተሩን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ስለተኩት ይህ ሕግ እነሱን አይመለከትም፤ ጉለሌ ውስጥ የሚበዛው ግን አሮጌው ዓይነት ነው።

መምህሩ ጉባኤው ሲበተን መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱ። ማታ ሲመለሱ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ጨርሻለሁ። ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ።»

«አንድና ሁለትም ይሠራሉ?»

«አንድ ምን ያደርግልዎታል? አራትን አንደኛ አድርጋ ትነፍሳለች።»

«አራትማ ቀድሞም ትነፍስ ነበር እኮ!»

«አሁን ግን ዳይሬክት ነው።»

ዳይሬክት የጋራዦቻችን ታላቅ ፍልስፍና ነው። የራዲያተር ቬንትሌተር ሴንሰሩ ሲበላሽ ዳይሬክት፤ ክላክስ ሲያስቸግር ዳይሬክት፤ የነዳጅ ፓምፕ ሪሌው ሲደክም ዳይሬክት። ጃፓን ውስጥ ያሉ መሐንዲሶች ዓመታት አስበው በመሐል ያስገቡትን መከላከያ ሁሉ እኛ በአንድ ክንድ ሽቦ እንዘለዋለን። የመምህሩ መኪና ከዚያ ቀን ጀምሮ መዞሪያዋን ዜሮ ላይ ቢያደርጓትም መንፈሷን አላቆመችም። መካኒኩ ለዚህም መላ አላጣም። ከመሪው ግርጌ፣ በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ አንጠለጠለላቸው። ልጃቸው መኪናዋ ውስጥ ስትገባ «አባዬ፣ መብራት ገባልን?» ብላ ጠየቀች ይባላል።

ዳይሬክት ሽቦ ከመጣ ሁለተኛው ችግር ብዙም አይርቅም። በአንዳንድ መኪና ቬንትሌተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ከ15 አምፔር በላይ ይስባል። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ቀጭን ሽቦ ሲሰጡት ሽቦው ይግላል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ፊውዙ ሥራው ነውና ይቆረጣል። ይህን ጊዜ አዋቂ ይነሳና ፊውዙን በትልቅ ይቀይረዋል። ትልቁም ሲቆረጥ የመዳብ ሽቦ፣ ካልሆነም የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልበታል። «አሁን አይቆረጥም» ይላል በኩራት። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

መምህሩ ይህ እንዳይመጣ ሰግተው ሬዚስተር ሊገዙ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረዱ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ጠፋ የሚባልበት ቦታ አይደለም። ኦርጅናል አለ፣ የታይዋን አለ፣ ያገለገለ አለ፣ ኦርጅናል መስሎ የተሠራ አለ። ነጋዴው የሚገባውን ጥያቄ ጠየቃቸው፤ «አሮጌውን ይዘዋል ጋሼ?» አልያዙም፤ መካኒኩ ጥሎታል። «የሻንሲ ቁጥሯንስ?» እሱም የለም፤ ሊብሬው ቤት ነው። እንግዲህ ግዢው በመልክ ሆነ። መልኩ አንድ ሆኖ የሶኬቱ ጥርስ የሚለይ ስንት ዕቃ እንዳለ ለማወቅ ከጉለሌ መርካቶ መመላለስ አስፈለገ። በስተመጨረሻ የሚገጥመው ተገኘ፤ ገጠሙት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በሥርዓት ነፈሱ። ቤተሰቡ ደስ አለው። ሳይቆይ ግን እንደገና አራት ብቻ ቀረ።

ጉባኤው በድጋሚ ተሰበሰበ፤ በዚህኛው ዙር የሐሳብ ልዩነት አልነበረም። «የቻይና ነው የሸጠልህ!» አዲሱ ሬዚስተር ተረገመ፣ ነጋዴው ተረገመ፣ ዘመኑ ተረገመ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሬዚስተር ዕድሜ ቢኖረውም ዝም ብሎ አይቃጠልም፤ የሚያቃጥለው አለ። የሰፈሩ ሰው የሚከሰው ሟቹን ነበር።

የሚያቃጥለውን ያገኘው አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ «የትኛው ቁጥር ላይ ነው የምትሠራው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ስትነፍስ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ነበራት?» የሚል ነው። መምህሩ አሰብ አድርገው «አዎ፣ ከዓመት በፊት ጀምሮ፤ ራዲዮኑን ከፍ እያደረግሁ እተወው ነበር» አሉ። ልጁ ምንም አልመለሰም። መሳቢያዋን አወጣ፤ ጋቢናው ወለል ላይ በጀርባው ተኛ፤ ሬዚስተሩን ፈትቶ አሳያቸው፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ አንዱ ጥርስ ዙሪያውን ጠቁሯል። ከዚያ ከሥር በኩል የሞተሩን ቡሎኖች ፈታና ሞተሩን ከነቬንትሌተሩ አወረደው።

ከሞተሩ ጋር የወረደውን ነገር ላየ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ ክዳን፣ ዱቄት የሆነ አቧራ፤ በመሐሉም አይጥ የቀዳደደችው የሶፍት ቁራጭ። የቬንትሌተሩ ምላሶች በግማሽ ተደፍነዋል። ልጁ በጣቱ ሲያሽከረክረው ዞር ከማለቱ ቆመ፤ ኩሽኔታው ደርቋል። ከመሳቢያዋ ጀርባ የአየር ማጣሪያ መቀመጫ አለ፤ ማጣሪያው ግን የለም። ከቀድሞ መካኒኮች አንዱ «ይሄ ምን ያደርጋል፣ አየሩን ነው የሚያፍነው» ብሎ አውጥቶት ኖሯል።

ቅጠሉ የሚገባው በፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከሚተኙበት ወንፊት በኩል ነው። የውጭ አየር መግቢያው እዚያ ነውና። ከባሕር ዛፍ ሥር የምታድር መኪና ቅጠሉን ሌሊት ትሰበስባለች፤ ጠዋት ሲያስነሷት ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ቅጠል የያዘና ኩሽኔታው የደረቀ ሞተር ለመዞር ስለሚቸገር ብዙ አምፔር ይስባል። ብዙ አምፔር በሬዚስተሩ ሲያልፍ ሬዚስተሩ ይበልጥ ይግላል። የተደፈነ ቬንትሌተር ደግሞ የሚነፍሰው ንፋስ ትንሽ ስለሆነ የጋለውን ሬዚስተር የሚያቀዘቅዘው ያጣል። የሙቀት ፊውዟ ትቆረጣለች። አዲስ ሬዚስተር ሲገባም ያው ሞተር ይጠብቀዋል። ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ሁሉ ተራ በተራ ቢገጠም ውጤቱ አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ጉለሌ ውስጥ ባሕር ዛፍን መውቀስ ድፍረት ይጠይቃል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲኖሩ ያስቸገራቸው ብርድና የማገዶ እጥረት ነበር። ለብርዱ ያገኙት መፍትሔ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃው ሜዳ መውረድ ሆነ፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እንዲያ ነው። የማገዶው ችግር ግን ተከትሏቸው ወረደና ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ጥቂት ቀርቷት ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እያደገ እንጦጦንና ጉለሌን አለበሰ። ከተማዋን ከመፈናቀል ያዳነ ዛፍ የአንዲት ቪትዝ ሬዚስተር ቢያቃጥል ሒሳቡ አሁንም የሚያዋጣ ነው። ቅጠሉን መጥረግ ግን የእኛ ፋንታ ነበር።

ልጁ ቅጠሉን አጸዳ፤ ኩሽኔታውን አጥቦ ቅባት ሰጠው፤ የጠቆረውን ሶኬት ቀየረ፤ ዳይሬክት ሽቦውን ቆርጦ የቤት ማብሪያ ማጥፊያዋን ለልጃቸው መጫወቻ ሰጣት። ማጣሪያም አስገባ። አዲስ ሬዚስተር ገጥሞ አምፔሩን በመልቲሜትር ለካ። እዚህ ላይ መምህሩ ትዕግሥታቸው አለቀ፤ «እየሠራች አይደል እንዴ፣ ምኑን ነው የምትለካው?» አሉት። ልጁም «ጋሼ፣ አሁን መሥራቷን አይደለም፣ ነገም መሥራቷን ነው» አላቸው። ሂሳቡን ሲሰሙ ደግሞ «ቅጠል ለማራገፍ ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው ተከራከሩ። ላላወቀው፣ ዳይሬክት ላደረገው መካኒክ ግን ቃል ሳይተነፍሱ ነበር የከፈሉት። እኛ ሰዎች የምንከፍለው ለዕቃ ነው፤ ማወቅ በነጻ የሚመጣ ይመስለናል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቬንትሌተሯ በአራቱም ቁጥር እየነፈሰች ሙቀት ግን የለም። ይህም ታሪክ አለው። የሂተር ሙቀት የሚመጣው ሞተሩን አቀዝቅዞ ከሚመለሰው ውኃ ነው፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ቬንትሌተሩ በላይዋ ሲነፍስ ሞቃት አየር ይወጣል። ውኃው ቶሎ እንዲሞቅ ቴርሞስታት የሚባል በር አለ፤ ውኃው ከ80 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ወደ ዋናው ራዲያተር እንዳያልፍ ይዘጋል። የአገራችን መካኒክ ይህን በር ሲያይ አውጥቶ ካልጣለ እንቅልፍ አይወስደውም። «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ፣ ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚያወርድ አገር ከሆነ፣ ቴርሞስታት የሚያስፈልገው ለየትኛው አገር ነው?

ቴርሞስታቱ የሚወጣበት ምክንያት ወዲህ ነው። በከፍታችን የተነሳ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ አዲስ አበባ ላይ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውኃው ከመቶ ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ስፕሪንግ ሲደክም ግን ወደ እንጦጦ ማርያም ዳገት ስትወጣ መኪናዋ ትፈላለች። የሚቀየረው ክዳኑ ነበር፤ እኛ ግን ቴርሞስታቱን እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሂተሩም ቀዝቃዛ ይነፍሳል። ያቺ ትንሽ ራዲያተር ስታንጠባጥብም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን የውኃ ጎማዎቿን እርስ በርስ አገናኝተው ይዘጓታል፤ ባለቤቱ ሂተሩ የሞተበትን ቀን ሳያውቅ ዓመት ያልፋል።

ሙቀቱም ተመልሶ ቬንትሌተሯም ተስተካክላ ቢሆን የቀረው አሠራራችን ነው። አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የምታደርገው፣ መኪና ላይ የተጠማዘዘ ቀስት የተሳለባት ቁልፍ አለች። አቧራ ፈርተን በጋ ላይ እንጫናታለን፤ ክረምትም እዚያው ናት። እሷ በርታ ሳለ ሂተር ቢከፍቱ የገዛ ትንፋሽን መልሶ መስታወት ላይ መንፋት ነው። «ኤሲውን አብራው፣ እርጥበቱን ያደርቅልሃል» የሚል ሰው ከተገኘማ «በዚህ ብርድ ኤሲ? አብደሃል?» ተብሎ ዝም ይባላል። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱን ውኃ አድርጎ ያስወጣዋል፤ የደረቀው አየር በሂተሩ ሞቆ መስታወቱ ላይ ሲነፍስ ጉሙ ቶሎ ይለቃል። አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጎ፣ ሙቀቱን ከፍቶ፣ ኤሲውን አብርቶ ሁለት ላይ መንፋት ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሚያስፈልጉት። አራትማ የስልክ ጠላት ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ለምዷል። ይህ ሁሉ ጣጣ እዚያ ላይ የሌለ ይመስላል፤ የራሱን ግን ይዞ መጥቷል። በቤንዚን መኪና የሂተር ሙቀት ሞተሩ ሊጥለው የነበረ ትርፍ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሙቀቱ የሚወጣው ከዚያው መንገድ ከሚያስሄደው ባትሪ ነው። ስለዚህ ሚሊዮኖች የፈሰሱባት፣ ስክሪኗ የግድግዳ ቴሌቪዥን የሚያህል መኪና ውስጥ፣ ባትሪ እንዳያልቅበት ሂተሩን አጥፍቶ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ጋቢ ተከናንቦ ዳገቱን የሚወጣ ባለሀብት ማየት ጀምረናል። የምኒልክ መፍትሔ መውረድ ነበር፤ የእሱ መፍትሔ መከናነብ ሆኗል። ጋቢው መልካም ነው፤ መስታወቱን ግን አያጠራም።

ክረምቱ ሳይገባ፣ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህ ውስጥ ተቀመጥና መዞሪያዋን ከአንድ እስከ አራት አዙራት። የትኛው ቁጥር እንደሚሠራና እንደማይሠራ ወረቀት ላይ ጻፍ። ሲጥ ሲጥ ካለች ራዲዮኑን ከፍ አታድርግ። በመጥረጊያዎቹ ሥር የተከማቸውን ቅጠል ልጆችህ በአምስት ደቂቃ ይለቅሙታል፤ ማጣሪያው መኖሩንም እይ። ፊውዝ በትልቅ ፊውዝ አይቀየርም፤ በሲጋራ ወረቀትማ ከቶ። አሮጌውን ዕቃ ሳትይዝ መርካቶ አትውረድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መካኒኩ ዋጋ ሲነግርህ «ለምን ተቃጠለ?» ብለህ ጠይቀው። ምክንያቱን አሳይቶ ካስረዳህ ክፈለው፤ ቢበዛብህም አትከራከረው። «ያው ዕድሜዋ ነው፣ ዳይሬክት ላድርግልህ?» ካለህ ግን ቁልፍህን ተቀበልና ሂድ።